መንጋጋው ከመነቀሉ በፊት

የታኅሣሥ ጠዋት ለአዲስ አበባ ስፖርተኛ ደግም ክፉም ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጭቃው ደርቋል፣ የመኪናው ጭስ ገና አልተነሣም። ብርዱ ግን ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ ጆሮ ይቆርጣል፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ለሚወጣማ አይጣል ነው። በዚህ ሰሞን በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች፣ በጃንሜዳ ዙሪያ፣ በአዲሶቹ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ዳር ላባቸው ከሚንጠፈጠፍ ሰዎች ጋር ቆም ብሎ የተጫወተ ሰው አንድ ዓይነት ስሞታ ይሰማል። «ሮጬ ስመለስ ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል» ይላል አንዱ። «ዳገቱ ላይ መንጋጭላዬን ጨምድዶ ይይዘኛል» ይላል ሌላው። «ትንሽ አረፍ ስል ይተወኛል፤ በማግስቱ ግን እዚያው ቦታ ላይ ይጠብቀኛል» የሚልም አለ። ጥርስ ሐኪም ዘንድ የሄደው አንዳንዱ «ምንም አይታይብህም» ተብሎ ተመልሷል።

ምክንያቱን ፍለጋ ማንም ሩቅ አይሄድም። ብርድ ነው ይባላል። በአገራችን ብርድ የማይከሰስበት ሕመም የለም፤ ወገብ ቢያዝ ብርድ፣ ሆድ ቢነፋ ብርድ፣ ኩላሊት ቢያም ብርድ፣ አንገት አልዞር ቢል ብርድ። ጥርስ ቢያምማ ምን ይገርማል? ቅርንፉድ ይነከሳል፣ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ድዱ ላይ ይደረጋል፣ አፍ በሞቀ ውሃና በጨው ይጉመጠመጣል፤ ካልሆነም አረቄ አለ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሕመሙ እንቢ ካለ የመጨረሻው ፍርድ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ይነቀል!

ብርዱ ንጹሕ ነው ብዬ ልሟገትለት አልተነሣሁም። እጁ አለበት። ነገር ግን ብርድ በሁሉም ሰው ላይ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። የአንዱን ጥርስ ይቆነጥጣል፣ የሌላውን የመንጋጭላ ጡንቻ ያኮማትራል፣ የሦስተኛውን ልብ ያስጨንቃል። ሦስቱም «እዚህ ጋ ነው» ሲሉ እጃቸው የሚያርፈው ግን ያው ጉንጫቸው ላይ ነው። ክርክሬ ከዚህ ይነሣል፤ ሕመም የተቀመጠበትን ቦታ ሊዋሽ ይችላል፤ የሚመጣበትንና የሚሄድበትን ጊዜ ግን አይዋሽም። እኛ ደግሞ፣ ታማሚውም ሐኪሙም፣ «የትኛው ጥርስ ነው?» ብለን እንጠይቅና «መቼ ይመጣል? መቼስ ይተዋል?» ሳንል ጉጠቱን እናነሣለን።

ከቀላሉ እንጀምር፤ ብዙ ጊዜም መልሱ እሱ ነው። ቁጭ ያለ ሰው በደቂቃ የሚተነፍሰው አየር ከ6 እስከ 8 ሊትር ቢሆን ነው፤ እሱንም በአፍንጫው። አፍንጫ አየሩን አሙቆና አርጥቦ ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ሩጫ ሲጀመር ሰውነት ብዙ አየር ይጠይቃል፤ በደቂቃ ወደ 35 ሊትር ገደማ ሲደርስ አፍንጫ ብቻውን አይችለውምና አፍ ይከፈታል። በርትቶ የሚሮጥ ሰው በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ያስገባል፣ ያስወጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ቆላ አገር አፍን ዘግቶ የሚቻለው ሩጫ እዚህ አፍ ያስከፍታል። የታኅሣሥ አየር ከመቀዝቀዙም በላይ ደረቅ ስለሆነ ጥርስን አርሶ የሚጠብቀውን ምራቅ ያደርቀዋል። ጥርሶቻችንን በቀን ውስጥ እንዲህ ያለ ብርድ ሳያቋርጥ የሚያገኛቸው ሌላ ጊዜ እምብዛም የለም።

ኢናሜል የሚባለው የጥርስ የላይኛው ቅርፊት በራሱ ስሜት የለውም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ግን ወደ ነርቩ የሚያመሩ፣ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፤ ቱቦዎቹም ፈሳሽ ይዘዋል። ስዊድናዊው የጥርስ ተመራማሪ ማርቲን ብራንስትሮም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንዳስረዳው ብርድ ወይም ነፋስ ሲነካው ይህ ፈሳሽ ይንቀሳቀሳል፤ ነርቩን የሚቀሰቅሰውም ይኸው እንቅስቃሴ ነው። ድዱ የሸሸበት ወይም ኢናሜሉ የተበላበት ሰው እንግዲህ ለጠዋቱ አየር ተጋልጦ ይወጣል ማለት ነው። ድድ ያለ ምክንያት አይሸሽም፣ ኢናሜልም ያለ ምክንያት አይሳሳም። ጠንካራ ብሩሽ ወይም መፋቂያ ይዞ ወዲያና ወዲህ በኃይል የሚፍቅ አለ። ከሩጫ በኋላ ሎሚ የሚመጥ፣ ለስላሳ መጠጥ ከእጁ የማይለይ አለ። ሌሊት ጥርሱን ሲያፋጭ የሚያድር፣ ይህንንም ባለቤቱ ካልነገረችው የማያውቅ አለ።

የዚህ ሕመም ሰዓት ግልጽ ነው። አየሩ ሲነካው ጥቅ ያደርጋል፤ አፍ ሲዘጋ በሰከንዶች ውስጥ ይተዋል። ሰውዬው ባይሮጥም፣ ሳሎኑ ተቀምጦ የቀዘቀዘ ውሃ ቢጎነጭ ያው ሕመም ይመጣበታል። የትኛው ጥርስ እንደሆነም ሳይሳሳት በጣቱ ያሳያል። ይህ ሰው ለስላሳ ብሩሽ፣ ብርድ ለሚሰማው ጥርስ የተዘጋጀ ሳሙና፣ ምናልባትም የተበላውን ቦታ ማስሞላት ይበቃዋል። ብርዱ ከሄደ በኋላም ለደቂቃዎች የሚቆይ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ጥዝጣዜ ከሆነ ግን ነርቩ ተቆጥቷልና ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሳይውሉ ሳያድሩ መሄድ ነው። ቆሎ ሲቆረጥም የተሰነጠቀ ጥርስም ራሱን የቻለ ባሕርይ አለው፤ ሲነክሱ ወይም ንክሻውን ለቀቅ ሲያደርጉ ይወጋል፤ ራጅ ላይ ደግሞ ላይታይ ይችላል።

የጡንቻው ሕመም ሌላ ሰዓት አለው። ዳገት ሲወጣና ክብደት ሲያነሣ ጥርሱን የማይነክስ ሰው ጥቂት ነው፤ ብርድ ሲጨመርበት መንጋጭላ ይበልጥ ይጠብቃል። ይህ ሕመም ሩጫው ካለቀ በኋላ ነው የሚብሰው፤ ለሰዓታት ይቆያል፤ ሲያዛጉና ሥጋ ሲያኝኩ ይነሣል፤ ጉንጭን በጣት ሲጫኑት «እሱ ነው!» ያሰኛል። ጉንፋን ይዞት የሚሮጥ ሰው ደግሞ ከጉንጭ አጥንቱ ውስጥ ያለው፣ ሳይነስ የሚባለው ክፍተት ይቆጣበታል። የሳይነሱ ወለል ከላይኛዎቹ መንጋጋዎች ሥር ጋር ስለሚጎራበት፣ እግሩ መሬት በረገጠ ቁጥር ብዙ ጥርስ በአንድነት ያመዋል፤ የጫማውን ክር ለማሰር ሲያጎነብስም ይብስበታል። ቀዝቃዛ ነፋስ ፊትን ዳሰስ ሲያደርግ ለሰከንዶች የሚነዝርና ድርቅ አድርጎ የሚያስቀር ሕመም ደግሞ የፊት ነርቭ ሕመም ነው፤ ይህኛው በዓለም ዙሪያ ብዙ ጤነኛ ጥርስ በከንቱ በማስነቀል የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ልብ እንምጣ። በሰፈራችን ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ማለዳ ማለዳ ወደ እንጦጦ በእግራቸው ይወጣሉ፤ ሲጋራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ስለ ጤናቸው ሲጠየቁ «ተመስገን» ከማለት ሌላ አያውቁም። አንድ ዓመት ብርዱ ሲበረታ ዳገቱ ላይ የግራ መንጋጭላቸውን ያማቸው ጀመር። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዱ። የተበላ መንጋጋ ተገኘና ተነቀለ። ሕመሙ ግን አልተነቀለም። አጠገቡ ያለው ተጠረጠረና እሱም ወጣ። ሕመሙ እዚያው ዳገት ላይ ጠበቃቸው። ነገሩን የፈታችው ነርስ የሆነች የእህታቸው ልጅ ናት፤ ለጥየቃ መጥታ ቡና እየተጠጣ ሳለ ጉንጫቸውን ሲያሹ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ሲያምዎት ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ፤ ቆም እላለኋ።»

«ሲቆሙስ?»

«ይተወኛል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢቆይ ነው።»

«ሜዳው ላይስ ያምዎታል?»

«የለም፤ ዳገቱን ብቻ ነው የሚጠላው።»

«እንግዲያውስ ጥርስ አይደለም ጋሼ። ጥርስ ዳገትና ሜዳ አይለይም።»

በነጋታው ይዛቸው ሄደች። ተኝተው የተነሡት የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ደህና ነበር፤ ይህ ብዙ ሰው የሚዘናጋበት ቦታ ነው፤ ያረፈች ልብ ችግሯን ላታሳይ ትችላለችና። በሚሽከረከር መሮጫ ላይ እየሄዱ ሲመረመሩ ግን መንጋጭላቸውን አመማቸው፤ በዚያችው ደቂቃ ወረቀቱም ተለወጠ። ከልብ ደም ቧንቧዎቻቸው አንዱ ክፉኛ ጠብቦ ተገኘና ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት ተደረገላቸው። ዛሬም ዳገቱን ይወጣሉ። ሁለቱን መንጋጋዎች ግን የሚመልስላቸው የለም።

ሕክምና ይህን ካወቀው ቆይቷል። ዊልያም ሄበርደን የተባለ የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1768 ለሙያ ጓደኞቹ ስለ አንድ ሕመም አስረዳ። ሰው በእግሩ ሲሄድ፣ ይልቁንም ዳገት ሲወጣ፣ በተለይ ምግብ ከበላ በኋላ ይመጣና ደረቱን ያንቀዋል፤ ቆም ሲል ይጠፋል። አንጃይና የሚለውን ስም የሰጠው እሱ ነው። በዘመኑ ራጅ አልነበረም፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ አልነበረም፤ ደም ቧንቧው መጥበቡንም ሄበርደን አላወቀም። በሽታውን ለይቶ ያወጣው በሰዓቱ ነው፤ መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚሄድ ሕመምተኞቹን ጠይቆ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዘመን የኖረው ቀዶ ሐኪሙ ጆን ሃንተር ነው። ሃንተር እ.ኤ.አ. በ1771 ስለ ሰው ጥርስ ተፈጥሮ ያሳተመው መጽሐፍ የጥርስ ሕክምናን በሳይንስ መሠረት ላይ ካቆሙት ሥራዎች አንዱ ነው። ይህ ሰው ራሱ ሄበርደን የገለጸው ሕመም ነበረበት። የሚስቱ ወንድም ኤቨራርድ ሆም እ.ኤ.አ. በ1794 ባወጣው የሕይወት ታሪኩ ላይ እንደጻፈው፣ ሕመሙ ሲነሣ በግራ ፊቱ፣ በታችኛው መንጋጭላውና በጉሮሮው ይሰማውና ወደ ግራ ክንዱ ይወርድ ነበር። ሃንተር እ.ኤ.አ. በ1793 በሚሠራበት ሆስፒታል ስብሰባ ላይ ተናድዶ ወጣና ወዲያው ሞተ፤ አስከሬኑ ሲመረመር የልቡ ደም ቧንቧዎች ደንድነው ተገኙ። በዘመኑ ስለ ጥርስ ከማንም በላይ ያጠና ሰው የልቡን ሕመም በመንጋጭላው ይቀበል ነበር ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? በአንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮች አንድ የመብራት ቆጣሪ ሲጋሩ የሚነሣውን ጠብ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ቆጣሪው ሲሽከረከር ምጣድ የጣደው ማን እንደሆነ አይናገርም፤ ሒሳቡም በልማድ «ብዙ ይጠቀማል» በተባለው ላይ ይወድቃል። የሰውነታችን ነገርም እንዲሁ ነው፤ ከልብ የሚነሡ የሕመም ነርቮችና ከመንጋጭላ የሚነሡት ወደ አንጎል ከመድረሳቸው በፊት በአንገት አካባቢና በአንጎል ግንድ ላይ ባሉ የጋራ ሕዋሳት ያልፋሉ። አንጎል ከጥርስና ከመንጋጭላ የሚመጣ ስሞታ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲቀበል ኖሯል፤ ከልብ ግን እምብዛም ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ ዕዳውን በለመደው ላይ ይጽፋል።

ይህ በሺህ አንድ የሚያጋጥም ተረት እንዳይመስላችሁ። ኡራጓያዊው ማርሴሎ ክራይነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ልባቸው ደም ያጠረው 186 ሕመምተኞችን ተከታትለዋል። ከእነዚህ 71ዱ በፊት፣ በመንጋጭላ፣ በጥርስ ወይም በጉሮሮ አካባቢ ሕመም ነበራቸው። 11ዱ ደግሞ ደረታቸውንም ክንዳቸውንም ጨርሶ አላመማቸውም፤ ምልክታቸው ያ ብቻ ነበር። ይህ ዓይነቱ ምልክት በሴቶች ላይ ይበልጥ ይታያል። ለዚህ ነው «የልብ ሕመም ማለት ደረትን ጨብጦ መውደቅ ነው» የሚለው የፊልም ትምህርት እናቶቻችንን የሚጎዳው። እማማ ገበያ ውለው ዕቃ ተሸክመው ሲመለሱ መንጋጭላቸውን ይዘው ደጃፍ ላይ ቁጭ ቢሉ፣ ልጆቻቸው ስለ ልብ የሚያስቡበት ምክንያት የለም።

ብርዱስ ምን አገባው? ብዙ አገባው። ብርድ ሲመታን በቆዳችን ያሉ ደም ቧንቧዎች ይጠባሉ፤ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ ልብ ያንኑ ዳገት ለመውጣት ከወትሮው የበለጠ መሥራት ይኖርባታል። ቀድሞውንም የጠበበው የልብ ደም ቧንቧ በብርድ ይበልጥ ሊኮማተር ይችላል። በግንቦት ያለ ችግር የሚወጣው ዳገት በታኅሣሥ የሚያምመው ለዚህ ነው። እንግዲህ «ብርድ ነው» ያለው ሰው ግማሹን አውቋል። አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ፍጹም ስሕተት የሆነ ምክንያት ቶሎ ይጣላል፣ ግማሽ እውነት ግን ሰውን አሳምኖ ቤቱ ያስቀምጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እዚህ ግን ሕመምተኛው ምንም አልደበቀም፤ የሚደበቀው በሽታው ራሱ ነው።

በሚኒሶታ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብርድን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ከዜሮ በታች በወረደ ብርድ በረዶ በአካፋ መዛቅ ሙሉ ሰውነትን በአንድ ጊዜ የሚያስጨንቅ ሥራ ነው። ክንድ ይሠራል፣ ትንፋሽ ይያዛል፣ ቀዝቃዛ አየር በአፍ ይገባል፤ ሠራተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ወይም ሌሊቱን ፈረቃ ላይ ተቀምጦ የከረመ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች በየክረምቱ ስለ በረዶ ዝቂያ የሚያስጠነቅቁት በምክንያት ነው። «ጥርሴን ብርድ መታኝ» የሚል ወሬ በስልክ ከዚያ አገር ሲመጣ እኛም ከዚህ «ሙቅ ሻይ ጠጣበት» ብለን እንዘጋለን።

የእነሱን ችግር የሚያብሰው ደግሞ አፍ ከሰውነት መለየቱ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1840 በባልቲሞር ሲከፈት የጥርስ ትምህርት ከሌላው ሕክምና ተለይቶ የራሱን ቤት ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለአረጋውያን የወጣው የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ መደበኛውን የጥርስ ሕክምና ከሚሸፍነው ውጭ አደረገው። የጥርስ መድን ለብቻ፣ የጤና መድን ለብቻ ነው። መንጋጭላውን ያመመው ሰው በየትኛው በር እንደሚገባ የሚወስነው ኪሱ ነው።

እኛ ዘንድ የመድኑ ነገር ሌላ ቢሆንም በሩ ያው ሁለት ነው። ጥርስ ሐኪሙ አፍ ያያል፤ የውስጥ ደዌ ሐኪሙ አፍን ዘሎ ጉሮሮ ያያል። በዚህ ላይ ገንዘብ አለ። ጥርስን ለማዳን ነርቩን አክሞ፣ ሥሩን ሞልቶ፣ ከላይ ማልበስ ያስፈልጋል፤ ይህ ተደጋጋሚ ቀጠሮና ብዙ ብር ነው። ንቅለት ግን በአንድ ጠዋት ያልቃል፣ ዋጋውም ይቀላል። በብዙ ወረዳዎች ደግሞ ከንቅለት ሌላ የሚሰጥ የጥርስ ሕክምና የለም። ስለዚህ ታማሚው ራሱ «ንቀልልኝና ልገላገል» እያለ ይመጣል፤ ባለሙያውም ወረፋው በር ላይ እየጠበቀው ነው። እዚህ ላይ ማንንም ክፉ ማድረግ አይቻልም። ግን ያለ ምክንያት የወጣ ጥርስ አይመለስም፤ የከፋው ደግሞ የተነቀለው ጥርስ ሰውዬውን «ታክሜያለሁ» ብሎ ማዘናጋቱ ነው። ከነቀላ በኋላ ለጥቂት ቀናት ማንም ዳገት አይወጣም፤ ያርፋል። ሲያርፍ ልቡም ታርፋለች፤ ሕመሙ ይጠፋል፤ ነቀላው የሠራ ይመስላል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሩጫውን ማቆም መልስ አይደለም። እንቅስቃሴ ለልብ ከሚደረግላት በጎ ነገር ሁሉ ፊተኛው ነው፤ ጋሼም ዳገቱን ባይወጡ ኖሮ የቧንቧቸው መጥበብ የሚታወቀው ምናልባት ሌሊት በድንገት ነበር። የሚያስፈልገው ሰዓቱን መያዝ ነው። ሕመሙ ሲመጣ ሦስት ነገር ልብ በሉ። ሊመጣ ሲል ምን እየሠራችሁ ነበር? ስትቆሙ በስንት ደቂቃ ተወ? ሳትሮጡ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በማኘክ ወይም በጣት በመጫን ልታስነሡት ትችላላችሁ? በቀዝቃዛ ውሃ ከተነሣ ጥርስን፣ በማኘክና በመጫን ከተነሣ የተሰነጠቀ ጥርስን ወይም ጡንቻን ጠርጥሩ። በእነዚህ የማይነሣ፣ ጥረት ሲበዛ ብቻ የሚመጣ፣ ስታርፉ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቅ ከሆነ ግን ልባችሁን አስመርምሩ። ያውም ሩጫውን ለጊዜው ገታ አድርጋችሁ፣ በዚያው ሳምንት። ደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የሲጋራ ታሪክ ያለበት፣ በቤተሰቡ በለጋ ዕድሜ በልብ የሞተ ያለበት ሰው ቀጠሮ አያራዝም። አርፋችሁም የማይተው ከሆነ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረበት ደግሞ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ራሳችሁ መኪና አትንዱ።

ለጠዋቱ ብርድ መላው ቀላል ነው። ገበሬው ማለዳ ሲወጣ አፍና አፍንጫውን በጋቢው የሚሸፍነው ዝም ብሎ አይደለም፤ ጨርቁ የወጣውን ትንፋሽ ሙቀትና እርጥበት ይይዝና ለሚገባው ይመልስለታል። ሯጭም በስስ ሻርፕ ይህንኑ ማድረግ ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በእርምጃ አሟሙቆ መጀመር፣ መንጋጭላን ለቀቅ አድርጎ መሮጥ፣ ፀሐይ ትንሽ ሞቅ እስክትል መጠበቅም ይረዳል። ይህ ሁሉ ግን ጥርሱ ወይም ጡንቻው ለሚያመው ነው፤ ልቡ ለሚያመው ሰው ሻርፕ ምርመራን አይተካም።

ከባለሙያዎቹ የምጠይቀው ደግሞ ከባድ አይደለም። ጥርስ ሐኪም ሆይ፣ ሕመሙን የሚያስረዳ ጥርስ ካላገኘህ አትንቀል። ብርድ አስነካው፣ በመሣሪያህ ጫፍ መታ መታ አድርገው፣ ራጅ አንሣው፤ ከተጠራጠርክ አደንዝዘውና ሕመሙ መተው አለመተዉን እይ፤ ጥርሱ በሚገባ ደንዝዞ ሕመሙ ከቀጠለ ምንጩ ሌላ ቦታ ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆይ፣ «ደረትህን ያምሃል?» ብለህ አትቁም፤ «ዳገት ስትወጣ መንጋጭላህንስ?» ብለህ ጨምርበት።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁሉም የጥርስ ክሊኒክ ይገባል፤ የደም ግፊት መለኪያ ከወንበሩ አጠገብ ይቀመጥ፣ አፍ ከመከፈቱ በፊትም ክንድ ላይ ይታሰር። የአገራችን ሰው፣ በተለይ ወንዱ፣ ዕድሜው 50 ሲሞላ እንኳ ደም ግፊቱን ሳይለካ፣ ስኳሩን ሳያይ ይኖራል። ደረቱን ቢወጋው «ጨጓራ ነው»፣ ቢደክመው «ዕድሜ ነው» ይላል። ጥርሱን ሲያመው ግን ተሸንፎ ይመጣል፤ ኩሩውም ቸልተኛውም ሐኪም ፊት የሚቀመጠው ያን ቀን ነው። ብዙዎች በዓመታት ውስጥ የሚያገኙት የሕክምና ወንበር ያ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ግፊቱን የሚለካ አንድ ሰው ካገኙና «ሲያምዎት ቆም ቢሉ ይተዋል?» ብሎ ከጠየቃቸው፣ ከጥርስም በላይ የሆነ ነገር ተርፎላቸው ሊሄዱ ይችላሉ።